ማር የፈሰሰበት ወንበር

በልጅነቴ ላሊበላ ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ ቆሻሻው ሹፌሩ ከፋለ ነው ብዬ አምን ነበር። ሐሜት አይደለም፤ በዓይኔ አይቼ ነው። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አቧራ የለበሰ ላንድሮቨሩን እያስጓራ አክስቴ ወደምትሠራበት ሆቴል ግቢ ሲያስገባ፣ ሮጬ በሩን የምከፍተው እኔ ነበርኩ። አንድ ሳምንት ወንበሩ ላይ ዱቄት ተበትኖ አገኛለሁ። በሌላው ሳምንት ቅቤ ቀልጦ ወርዷል። አንዴማ የበግ ጠጉር ከመሪው እስከ ኋላ መስኮቱ ተነስንሶ፣ እዚያው ውስጥ በግ የተሸለተ ይመስል ነበር። እኔ አንድ ኩባያ ውሃ ባፈስ «ዓይንሽ የት ሄደ?» የምባል ልጅ፣ ትልቅ ሰው፣ ያውም ጺም ያለው፣ በየሳምንቱ እንዲህ ሲደፋ ማንም ጆሮውን አለመቆንጠጡ ያበግነኝ ነበር።

መኪናውን የምታጸዳው አክስቴ ደመቀች ናት። የአባቴ ታናሽ እኅት ስትሆን የምትኖረው ከእኛ ጋር ነበር። «ደመቀች ፈት ናት» ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ደግሞ ከሥራ ስትመለስ እንዝርቷን ይዛ ጥጥ ስለምትፈትል ነበር የሚመስለኝ። አንድ ቀን ለእንግዳ «የእኔ አክስት የመሰለች ጎበዝ ፈት በላስታ የለችም» ብዬ ስናገር እናቴ አፌን በመዳፏ ዘጋችው። ፈት ማለት ከባሏ የተለያየች ሴት መሆኗን፣ አክስቴም «አልወለድሽም» ተብላ ከኩል መስክ በተከራየችው በቅሎ ወደ ወንድሟ ቤት መመለሷን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ሥራዋ የሆቴሉን አንሶላ ማጠብ ነበር። መኪና ማጽዳት የጀመረችው እንዲያው በአጋጣሚ ነው። ሆቴሉ ፈረንጆችን ከአውሮፕላን ማረፊያው የሚያመላልስበት አንድ ቮልስዋገን ነበረው፤ ወንበሩ ጨርቅ ነው። ዘበኛው ሊያጸዳው ብሎ ውሃ በባልዲ ገለበጠበትና ወንበሩ ሳይደርቅ ሻገተ። ፈረንጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው ወረዱ። ሥራ አስኪያጁ አክስቴን ጠርቶ፣ «ደመቀች፣ አንሶላ ካወቅሽ ይሄስ ከአንሶላ በምን ይለያል?» አላት። እሷ መጀመሪያ በዘንግ እየመታች አቧራውን አራገፈች። ከዚያ እንዶድ ወቅጣ ዘፈዘፈችና ውሃውን ትታ አረፋውን ብቻ እያነሳች አሸችው። በሮቹን ሁሉ በርግዳ በጥላ አደረቀችው። «ጨርቅ ወንበር ውሃ ያሽትት እንጂ አይጠጣ» ትለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የከተማው መኪና ሁሉ ወደ እሷ ይመጣ ጀመር። ሁሉ ማለቴ የአንድ እጅ ጣት አይሞላም። ከንጉሡ ጊዜ የተረፈ፣ ተወርሶ የመንግሥት የሆነ አንድ ፔጆ ነበር፤ ወንበሩ እውነተኛ ቆዳ ነው። አያቴ ብራና ፋቂ ስለነበሩ አክስቴ የቆዳን ጠባይ ታውቃለች። በደረቅ ጨርቅ ጠርጋ፣ የጉሎ ዘይት በጣቷ ጫፍ እየነካች ታለሰልሰዋለች። የአውራጃው ጓድ መኪና ደግሞ ወንበሩ ቀይ ከፋይ ለብሶ፣ ዙሪያውን ዘርፍ ተንዘርፍፎበት መቅደስ ይመስላል። ከፋዩን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የምትቦርሸው። «ወደ ኋላ ከቦረሽሽው ይቀየማል» አለችኝ አንድ ቀን። የሚቀየመው ከፋዩ መሆኑን እንዴት ልወቅ? ጓዱ መስለውኝ፣ ብሩሹን በሁለት እጄ ጨብጬ ወደ ፊት ብቻ እገፋው ነበር።

የከፋለ መኪና ወንበር ግን ላስቲክ ነው። ላስቲክ እርጥብ ጨርቅ አንዴ ካለፈበት አለቀ፤ ምንም ጣጣ የለውም። አክስቴ ግን ለቀይ ከፋዩ ያልሰጠችውን ጊዜ ለዚያ ለተሰነጣጠቀ ላስቲክ ትሰጥ ነበር። ያኔ ምክንያቱ ግልጽ ነበር የመሰለኝ፦ ሰውዬው ከልክ ያለፈ ቆሻሻ ስለሆነ።

«ደግሞ ዛሬ ምን ደፋህብኝ?» ትለዋለች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

«ማር ነው እመቤቴ» ይላል ባርኔጣውን አውልቆ። «ሙጃ ላይ አንድ ገበሬ ሰጠኝ። መንገዱ ሲያንገጫግጨኝ ቅሉ ዘመመ።»

«ቅሉ ነው የዘመመው ወይስ የአንተ ራስ?»

«ሁለታችንም ሳንዘምም አልቀረንም።»

«ለመሆኑ አንተን ሰው ብሎ መኪና የሰጠህ ማነው?»

«እሱን እኔም እጠይቃለሁ። የተረፈውን ማር ግን ውሰጂልኝ፤ ከእኔ ጋር ከሰነበተ መደፋቱ አይቀርም።»

«እኔ ምን አገባኝ! አስቀምጠው እዚያ!»

እሰይ፣ አበጀሽ እላለሁ በልቤ። ከፋለ የመንገድ ሥራው ካምፕ ሹፌር ነው፤ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው ነው። እንዲያ ያለ ሰው አንገቱን ደፍቶ ስድብ ሲቀበል ማየት የሳምንቱ ትልቁ ደስታዬ ነበር። አክስቴ እልህ ይዟት ስትፈገፍግ ፊቷ ፍም ይመስላል። እሱ ጥዱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እስክትጨርስ ይጠብቃል። ትምህርት ቤት ያጠፋ ልጅ ጥግ ላይ ተንበርክኮ እንደሚቆየው፣ እሱም እየተቀጣ ነው ብዬ ስለማስብ አንዳንዴ ከፊቱ ቆሜ እንዳይነሳ እጠብቀው ነበር። እሱም ሳያመነታ ይቀጣልኛል።

የተረፈው ሁሉ፣ ማሩም ዱቄቱም፣ ከእኛ ጋር ወደ ቤት ይሄዳል። እናቴ ወይዘሮ ይማርሽ በር ላይ ተቀብላን «ዛሬስ ምን ደፋ?» ትላለች፤ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ። አንድ ቀን ሁለቱ ጓዳ ሆነው ሲንሾካሾኩ፣ እናቴ «ይሄ ሰውዬ ልቡ ፈሶልሻል እኮ» ስትላት ሰማሁ።

በሚቀጥለው ዓርብ መኪናው ውስጥ ገብቼ ምንጣፉን እያነሳሁ፣ ከወንበሩ ሥር እያጎነበስሁ ፈተሽሁ።

«ምን ጠፋሽ፣ አልጣሽ?» አለኝ ከፋለ።

«የፈሰሰውን ልብ» አልሁት። «እናቴ ፈሷል ብላለች። የበግ ነው የበሬ?»

ባርኔጣው ከእጁ ወደቀ። አክስቴ ፊቷን መኪናው ውስጥ ቀብራ ቀረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«አስለቀስካት!» ብዬ ጮህሁበት። ዛሬ ድረስ ክትክት ብላ የምትስቀው ይህን ስታስታውስ ነው።

የእኔ ሰው አቶ አረጋ ነበሩ። የብልባላ ገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው፤ አክስቴን ለማግባት በበቅሎ ሆነው ወደ ቤታችን መመላለስ ከጀመሩ ቆይተዋል። ንጹሕ ነበሩ! ጋቢያቸው እንደ በረዶ ነው። መደባችን ላይ ከመቀመጣቸው በፊት ነጭ መሐረብ ከኪሳቸው አውጥተው ያነጥፋሉ። ለወንበር እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ለአክስቴ ነው የሚገባው፣ ዕድሜ ልኳን አብረዋት ቢኖሩ አንዲት ጠብታ አይደፉባትም ብዬ አሰብሁ። ደግሞ ስኳር ከኪሳቸው አይጠፋም። መሐረቡን የሚያነጥፉት የእኛን መደብ ተጸይፈው መሆኑ በአእምሮዬ አልመጣም።

«ሁለት ሚስት አሰናብቷል እኮ» አለች እናቴ አንድ ጊዜ፣ ለአባቴ።

እኔ የማውቀው ማሰናበት አባቴ ቅዳሴ ሲያልቅ ሕዝቡን ባርከው የሚያሰናብቱትን ነው። ታድለዋል፣ ሚስቶቻቸውን ባርከው ይሸኛሉ ማለት ነው ብዬ ይብሱን ወደድኋቸው።

አባቴ መምሬ የሻው ለጥያቄው አዎም እምቢም አላሉም። የሚፈሩትም ነገር ነበር፤ ያን ጊዜ ሊቀመንበር ማስቀየም እንዲህ እንደዋዛ የሚታይ አልነበረም። «ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ይላኩ፣ እንሰማቸዋለን» አሉ። ስለ ሹፌሩ የሆነ ነገር ጆሯቸው ሳይደርስ አልቀረምና፣ «የሹፌርና የወፍ ማደሪያው አይታወቅም» ብለው አከሉበት። አክስቴ ይህን ስትሰማ እንዝርቷን አስቀመጠች። ያን ቀን አልፈተለችም።

ሁዳዴው ሊያልቅ ሲል አንድ ዓርብ ከፋለ መጣ። እንደ ልማዴ ሮጬ በሩን ከፈትሁ፤ ወንበሩ ንጹሕ ነው። ምንጣፉን አነሳሁ፤ ምንም የለም። አቧራው እንኳ ተጠርጓል።

«ዛሬ ምንም አልደፋህም?» አለችው አክስቴ።

«እጄ አልታዘዝ አለኝ» አለ። «ካምፑ ከፋሲካ በኋላ ወደ ወገል ጤና ሊነሳ ነው። ከዚያ ወዲያ በዓርብ በዓርብ መመለሻ የለኝም።» ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ፣ «ሽማግሌ ልላክ ብዬ ነበር። ወንድምሽ ለሌላ ቃል ሰጥተዋል ይሉኛል» አለ።

አክስቴ መኪናው ውስጥ ገባችና ንጹሑን ወንበር በንጹሕ ጨርቅ ትጠርገው ጀመር። እንባዋ ላስቲኩ ላይ ጠብ ሲል ታብሰዋለች፤ ደግሞ ጠብ ይላል፤ ደግሞ ታብሰዋለች።

ይህንን ግን አልታገሥሁም። ሰውዬው ሲደፋም ያስቆጣታል፣ ሳይደፋም ያስለቅሳታል! ሥራ አሳጥቷታል ማለት ነው! በሩጫ ቤት ገባሁ። አባቴ ግቢው ውስጥ የወይራው ጥላ ሥር የሱፍ ባናቸውን ተከናንበው ዳዊት ይደግሙ ነበር። እናቴ አጠገባቸው ምስር ትለቅማለች።

«አባባ፣ ከፋለ የሚባለውን ሹፌር ከዚህ አገር ያባርሩልኝ!» አልሁ።

«ምን አደረገሽ?»

«እኔን አይደለም። በየሳምንቱ እየደፋ አክስቴን ፍዳዋን ያሳያታል። መጀመሪያ ዱቄት ደፋ። ከዚያ ሱፍ በተነ። ከዚያ ቅቤ፣ ያውም በጾም! ከዚያ ማር። የተረፈውን ሁሉ እዚያው ጥሎ ነው የሚሄደው።»

እናቴ ሳል ያዛት።

አባቴ ዳዊታቸውን አጠፉ። «ጥሎ ይሄዳል?»

«አዎ! ሁልጊዜ ጥሎልን ነው የሚሄደው።»

«ጥሎሽ ነዋ!» አሉ አባቴ ቀስ ብለው፤ ለራሳቸው እንደሚናገሩ።

«አዎ፣ ጥሎሽ ነው!» አልሁ፣ በመጨረሻ የሚሰማኝ ሰው በማግኘቴ ደስ ብሎኝ። ሙሽራ የሚወስድ ወንድ ለሙሽራዋ የሚያመጣው ስጦታ ጥሎሽ እንደሚባል አላውቅም ነበር።

አባቴ ወደ እናቴ ዞሩ። «ይማርሽ፣ ባለፈው እሑድ የጠጣሁት ብርዝ ማሩ ከየት ነው?»

እናቴ ምስሯን እየለቀመች፣ «ሙጃ የሚሉት አገር ነው መሰለኝ» አለች።

«ዳቦውስ?»

«ስንዴው ጥሩ ነበር ብለው ነበር እኮ።»

«ቅቤውስ?»

«እሱ እንኳ ለፋሲካ ተቀምጧል፤ በጾም አልሰጠኹዎም።»

«ሱፉስ የት ገባ?»

እናቴ ቀና ብላ የተከናነቡትን ባና አየች። አባቴም ትከሻቸውን አዩ። ባናውን አወለቁ፣ አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት፣ ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። የላስታ ነፋስ ግን ሰው በሐሳብ ተጠመደ ብሎ አይተውም፤ ጥቂት ቆይተው መልሰው ተከናነቡት።

«የሰው ጥሎሽ በልተን፣ ጠጥተን፣ ለብሰን ጨርሰናል በይኛ» አሉ።

«ቅቤው አለ ብዬዎታለሁ» አለች እናቴ።

አክስቴ ዓይኗ ቀልቶ ስትመጣ አባቴ አጠገባቸው አስቀመጧት። እኔ ፍርዱን ለመስማት ወይራው ግንድ ላይ ተለጠፍሁ።

«ደመቀች፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» አሏት።

አክስቴ የቀሚሷን ጫፍ ትጠቀልል ትፈታ ጀመር። ያልሰማች መስሎኝ ነበር።

«ወንድም ጋሼ» አለች በኋላ፣ «ያን ጊዜ ኩል መስክ ስትድሩኝ ማንም ምን ትያለሽ አላለኝም። መልሰው ሲሰዱኝም ማንም ምን ትያለሽ አላለኝም። ዛሬ ድንገት ሲጠይቁኝ ቃሉ ጠፋኝ።»

አባቴ አንገታቸውን አቀረቀሩ። «ይኸው ጠየቅሁሽ። ቢዘገይም ጠየቅሁሽ።»

«እንግዲያው የሚደፋውን ነው የምፈልገው።»

«ልጅ ነገር ቢቀርስ? ያውቃል?»

«ነግሬዋለሁ። ‹ዕድሜዬን በመንገድ ነው የጨረስኩት፤ በር ከፍቶ የሚጠብቀኝ ሰው ካለ ይበቃኛል› ነው ያለኝ።»

አባቴ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ግንባሯ ላይ አሳረፉት።  እኔ በልቤ፣ ያልታደለች አክስቴ፣ ሥራ እንዳታጣ ብላ ቆሻሻውን ሰውዬ መረጠች እያልሁ አዝን ነበር።

አቶ አረጋ ነገሩን ሲሰሙ መሐረባቸውን አጥፈው ሄዱ። የቀበሌው ሱቅ ኃላፊ ዘመዳቸው ስለነበር ለብዙ ጊዜ የእኛ ተራ ሲደርስ «ስኳር አለቀ» ይባል ነበር። አባቴ የፈሩት መቅሠፍት ይኸው ብቻ ሆነ፤ እሱንም በማሩ ተቋቋምነው።

የዳግም ትንሣኤ እሑድ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። የሚመሯቸው አለቃ ገብረመስቀል ናቸው፤ ከኋላቸው ከፋለ ኮት ለብሶ አጥሩ ጋ ቆሟል። ሲፈረድበት ላየው ነው አልሁ። ሽማግሌዎቹ ግን በር ላይ ተገትረው ቀሩ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ» አሉ አባቴ።

«አንቀመጥም» አሉ አለቃ ገብረመስቀል።

«ኧረ በእግዜር፣ ተቀመጡ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማልን አንቀመጥም።»

ይህ የሽማግሌ ወግ መሆኑን የሚነግረኝ አልነበረም። የፈሩት መደቡን ነው ብዬ ገመትሁ። አክስቴ ያስተማረችኝን አውቃለሁና እርጥብ ጨርቅ ይዤ ሮጥሁ፤ መደቡን ከዳር እስከ ዳር ጠረግሁት። ከዚያ በአገር ፊት፣ «አይፍሩ፣ ንጹሕ ነው! ከፋለ አንድም ቀን አልተቀመጠበትም!» አልሁ።

 መጀመሪያ የፈነዳው የእናቴ ሳቅ ነው። አለቃ ገብረመስቀል በመቋሚያቸው ተደግፈው እስኪያነቡ ሳቁ፤ «በሉ እንግባ፣ የቤቱ ባለቤት ፈቅዳልናለች» ብለው መደቡ ላይ ዘፍ አሉ። ከዚያ በኋላ አባቴ እንኳ ኮስተር ብለው ሊጠይቋቸው የተዘጋጁትን ሁሉ ረሱት። «እምቢ እንዳልል በልቼያለሁ» ብለው ነው የጀመሩት።

ሠርጉ የፈት ሠርግ ነውና ትንሽ ነበር። አክስቴ የተዋሰችውን ካባ ደርባ፣ እጇን እንሶስላ ሞቃ አማረባት። ካምፑ ለጉዞው መኪናውን ፈቀደለት፤ ሌላ ሹፌር ስላልነበረ ሙሽራው ራሱ ነጂ ሆነ። ሚዜዎቹና የካምፑ ሰዎች በጭነት መኪና ከኋላ ተከተሉን። እኔ «አክስቴን ብቻዋን አልሰዳትም» ብዬ በሩን አንቄ ስላለቀስሁ፣ ነገ ትመለሳለች ተብሎ መሐላቸው አስቀመጡኝ። ከከተማው ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ሲጠማዘዝ፣ የጠገብሁት ዶሮ ወጥ በሆዴ ውስጥ አብሮ ይጠማዘዝ ጀመር። ቁልቁለቱን ሳንጨርስ ወንበሩ ላይ አስመለስሁ።

ከፋለ ፍሬን ያዘ። ከኋላ ያሉትም ቆሙ። ጥፊ እየጠበቅሁ ዓይኔን ጨፈንሁ።

ከፋለ ከልማድ የተነሳ ሳይሆን አይቀርም፣ ጨርቁን ከሥር አወጣና ወደ አክስቴ ዘረጋላት።

አክስቴ ጨርቁን አየች፣ እሱን አየች፣ እንሶስላ የሞቀ እጇን አየች። «እኔ ዛሬ ሙሽራ ነኝ» አለች። «ውረድ።»

ወረደ። ሚዜዎቹ አፋቸውን ከፍተው እያዩት የኮቱን እጅጌ ሰበሰበ፤ ደረቅ አፈር በተነበት፣ ጠረገው፣ ከጀሪካኑ ውሃ እየቀዳ አጠበው። አክስቴ ካባዋን ሰብስባ የመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና «ጥጉን ዘለልኸው! ኧረ ስፌቱ ውስጥ ገብቷል! አይ ወንድ!» ትለዋለች። በመጨረሻ ተቀጣ ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል ፊቱን አየሁት። ሰውዬው ያንጎራጉራል። የታወቀ ንፉግ ሀብት ሲያገኝ እንኳ እንዲያ ደስ አይለውም።

ወንበሩን ሲጨርስ ወደ እኔ መጣ። በእፍኙ ውሃ ይዞ ፊቴን አጠበልኝ፤ አፌን በኮቱ ውስጥ ገበር ጠረገው። «አይዞሽ የእኔ እናት» አለኝ። «መንገዱ ነው እንጂ አንቺ ምን አደረግሽ?»

ከዚያ በኋላ መሐል መቀመጤን ትቼ እሱ ትከሻ ላይ ተደግፌ ተኛሁ። ኩል መስክን ማለፋችንን አላየሁም። ስነቃ ወገል ጤና ነበርሁ።

በነጋታው አልተመለስሁም። ዝናቡ ቀድሞ ገባና መንገዱ ተዘጋ፤ መስከረም ሲጠባ ደግሞ እዚያው ትምህርት ቤት አስገቡኝ። ክረምት ክረምት ወላጆቼ ዘንድ እየሄድሁ፣ የቀረውን ዓመት እነ አክስቴ ጋ አደግሁ። አክስቴ አልወለደችም፤ በዚያ ቤት ግን ስለዚህ ነገር ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። ትምህርት ቤት የገባሁ ቀን መምህሩ መዝገባቸውን ገልጠው፣ «አልጣሽ፣ አባትሽ ማነው?» ሲሉኝ አባቴ መምሬ የሻው መሆናቸውን በደንብ አውቅ ነበር። ግን በመስኮቱ ስመለከት ከፋለ ላንድሮቨሩን በር ላይ አቁሞ፣ ገብቼ እንደተቀመጥሁ ለማረጋገጥ አንገቱን እያሰገገ ነበር።

«የሹፌሩ ልጅ ነኝ» አልሁ።